ትልቁ ኦ እና ትንሹ ኦ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ባለፈው እትም ስለ ላፕቶፕ ባትሪ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ግን ባትሪውን ትተው «ፕሮግራሜ ዘገየብኝ፣ ኮምፓይለሩን ምን ብዬ ብነግረው ይፈጥናል?» የሚሉ ሆኑ። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚለውጥ ነው። ጅማ ላይ ክረምቱ ጠንክሯል። ፈረንጅ አራዳ ያለችው ሱቄ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ደንበኛ አይመጣም፣ ቢመጣም አንሰማማም። ስለዚህ ጊዜ ነበረኝ፤ ኮዳቸውን የላኩልኝን ሰዎች ፕሮግራም ራሴ ኮምፓይል አድርጌ አየሁላቸው። ለኮምፓይለሩ የሚሰጡትን ምርጫዎች (ፍላግ የምንላቸውን) እዚህ የምጽፋቸው በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ ከፊታቸው ሰረዝ አድርጋችሁ ጻፏቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የውሃ ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የጎርፍ ውሃ መሬት ላይ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያሰላ ፕሮግራም አለኝ። መጀመሪያ አማካሪዬ በፎርትራን የጻፉት ነው፤ እኔ መስመር በመስመር ወደ ሲ መለስኩት። ካርታው 4,000 በ4,000 ነጥብ ነው። አንዱ ሙከራ 38 ደቂቃ ይፈጅብኛል፣ ያለብኝ ደግሞ 60 ሙከራ ነው። የዶርም ጓደኛዬ «ኦ3 ጨምሪበት፣ ይፈጥናል» አለችኝ። ጨመርኩ፤ አንድ ሰከንድ አልቀነሰም። ኦ2ንም ሞከርኩ፣ ያው ነው። እውነት ይህ ነገር ይሠራል ወይስ ወሬ ነው? ኮዱንና የፎልደሩን ፎቶ አያይዣለሁ። (ፎልደሩ ውስጥ «2» እና «3» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ። እኔ አልፈጠርኳቸውም፤ ቫይረስ ይሆን?)

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም። ጥያቄሽን ራስሽ ቅንፍ ውስጥ መልሰሽዋል፣ ልጄ።

ጂሲሲ፣ ማለትም ኮድሽን የሠራልሽ ኮምፓይለር፣ ሁለት ኦ ያውቃል፤ አንዱ በትልቁ፣ አንዱ በትንሹ የላቲን ፊደል የሚጻፍ። ትልቁ ኦ የኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም ኮዱን አሻሽሎ የማፍጠን፣ ደረጃ ነው። ትንሹ ኦ ደግሞ «የሚወጣውን ፋይል ስሙን እንዲህ በለው» ማለት ነው። አንቺ በትንሹ ጽፈሽ 3ን ስታስከትዪበት ኮምፓይለሩ ታዘዘሽ፤ ፕሮግራሙን ሠራና ስሙን «3» አለው። ከእሱ በኩል ምንም ስሕተት ስላልነበረ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አንቺ ግን ከዚያ በኋላ ያስነሣሽው «ጎርፍ» ብለሽ የሰየምሽውን አሮጌውን ፋይል ነው። ፎቶው ላይ የፋይሎቹ ቀን ይታያል፦ ጎርፍ የሰኔ ነው፣ 2 እና 3 የዚህ ሳምንት ናቸው። ያንኑ ፕሮግራም ሦስት ጊዜ ለካሽው፣ ሦስቴም 38 ደቂቃ አለሽ። ላፕቶፕሽ ታማኝ ነው።

ምንም ካልነገሩት ጂሲሲ የሚሠራው በኦ0 ነው፤ ዜሮ ማለት ያለ ማሻሻያ። እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ስሕተት የሚፈልግ ሰው ፕሮግራሙን በየመስመሩ አስቁሞ እያንዳንዱን ቫሪያብል ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ኮዱ አንድ ቁጥር በደመረ ቁጥር ውጤቱን ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ለሚቀጥለው ድምር ደግሞ ከዚያው መልሶ ያመጣዋል። ቡና የምትቆላ ሴት አንድ ጊዜ ባማሰለች ቁጥር ማማሰያውን ጓዳ ወስዳ ብትሰቅለውና ተመልሳ ሄዳ ብታመጣው ማለት ነው። ቡናው መቆላቱ አይቀርም፤ እንግዳው ግን ተሰናብቶ ይሄዳል። ኦ2 ማማሰያውን እጇ ላይ ይተውላታል።

እንግዲህ በትልቁ ኦ2 ብለሽ፣ በትንሹ ኦ ደግሞ «ጎርፍ» የሚለውን ስም ሰጥተሽ እንደገና ሥሪው። ከዚያ በ«ታይም» ትእዛዝ ለኪ። ሦስት መስመር ይሰጥሻል፦ ሪያል የግድግዳ ሰዓት ነው፣ ዩዘር ፕሮሰሰሩ ለአንቺ ኮድ የሠራበት ጊዜ ነው፣ ሲስ ለሊኑክሱ የዋለው ነው። አንድ ጊዜ ለክቶ ማመን የለም፤ አነስ ያለ ካርታ ይዘሽ አምስት ጊዜ አስኪጂውና የመካከለኛውን ውሰጂ። ደግሞ መብራት ባለበት ሰዓት ይሁን። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ይወርድና ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። እኔ አንድ ጊዜ ሙሉ ከሰዓት «ኦ3 ከኦ2 ይብሳል» ብዬ ደብተር ላይ ስጽፍ ውዬ፣ ማታ ሳየው ለካ ኦ3ን የለካሁት ሁሉ መብራት በሌለበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮድሽን ሳየው ቅድም ከነገርኩሽ ፍላግ ሁሉ የሚበልጥ ነገር አገኘሁ፣ እሱም የመጣው ከአማካሪሽ ፎርትራን ነው። እሳቸው አላጠፉም፤ በቋንቋቸው ልክ ነበሩ። ፎርትራን ሠንጠረዥን ሜሞሪ ውስጥ የሚደረድረው ዓምድ በዓምድ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ሲ ደግሞ ረድፍ በረድፍ፣ ወደ ጎን ነው የሚደረድረው። አንቺ ሉፖቹን (እየዞሩ የሚደጋገሙትን ክፍሎች) እንዳሉ ስለገለበጥሻቸው ሲ ውስጥ ወደ ጎን የተደረደረውን ነገር ወደ ታች እያነበብሽው ነው።

ሒሳቡን እይው። እያንዳንዱ ነጥብ 8 ባይት ነው፤ 4,000 በ4,000 ሲሆን 128 ሚሊዮን ባይት ይመጣል። ይህ የላፕቶፕሽ ካሽ (ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ አይገባም፣ ከዋናው ሜሞሪ መመላለስ ግድ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከሜሞሪ አንድ ቁጥር ለይቶ አያመጣም፤ 64 ባይት በአንድ ጊዜ ያነሣል፣ ማለትም ስምንት ነጥብ። ወደ ጎን ብትሄጂ ስምንቱንም ትጠቀሚባቸዋለሽ። ወደ ታች ስትሄጂ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ 32,000 ባይት ትዘያለሽ። ስምንት ስኒ የተደረደረበት ትሪ ይመጣልሻል፣ አንዷን ቀምሰሽ ትሪውን ትመልሻለሽ፣ ሌላ ትሪ ይመጣል። የቀሩት ሰባት ስኒዎች ቀዘቀዙ። ዓምዱን ጨርሰሽ ወደ ሁለተኛው ስትመጪ ያንኑ ትሪ እንደገና ታስመጪዋለሽ።

መድኃኒቱ ሁለት መስመር ነው፤ የውስጡን ሉፕ ወደ ውጭ፣ የውጩን ወደ ውስጥ አድርጊው። ኮምፓይለሩ ኦ3 ላይ ሲሆን እንዲህ ያለውን መገለባበጥ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ያደርገዋል፣ ያንቺ ሉፕ መሃል ላይ ግን የጎረቤት ነጥቦችን የሚያይ ሁኔታ ስላለበት እሱን ተስፋ አላደርግም። እኔ ሱቄ ውስጥ ቀይሬ አስኬድኩት፤ ከኦ0 ወደ ኦ2 በመሄድ ካገኘሁት ይልቅ ሉፑን በመቀየር ያገኘሁት በለጠ። ውጤቱ እስከ መጨረሻው ቁጥር ያው ነው፣ አወዳድሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ኦ3ን ሞክሪ፣ ለኪ፣ ካልጠቀመ ተይው። ኦ3 ሉፖችን ይዘረጋል፣ ፋንክሽኖችን ይበልጥ አንዱን በሌላው ውስጥ ይገለብጣል፤ ኮዱ ይወፍራል። ወፍራም ኮድ የሚዘገይበት ጊዜም አለ። ድሮ ኦ3ን የምንፈልገው አንድን ሥራ በብዙ ቁጥሮች ላይ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ነበር፤ ከጂሲሲ 12 ወዲህ፣ ማለትም ከ2022 ጀምሮ፣ ኦ2ም ቀለል ባለ መንገድ ይህን ያደርጋል። ኤልቲኦ የሚባለውን የሚመክሩሽም ይኖራሉ። እሱ በብዙ ፋይል የተከፋፈለን ፕሮግራም በአንድነት አይቶ ለማሻሻል ነው። ያንቺ አንድ ፋይል ነው፤ ይቅርብሽ።

60ዎቹ ሙከራዎች እርስ በርስ የማይጠባበቁ ከሆነ ደግሞ ለምን ተራ ያስይዛሉ? አራት ኮር ያለው ላፕቶፕ ላይ ሁለት ወይም ሦስት በአንድ ጊዜ አስኪጂ። ይህን የሚሰጥ ፍላግ የለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ከጥያቄሽ ውጭ ቢሆንም። የመጀመሪያው የፎርትራን ኮምፓይለር በ1957 ከአይቢኤም ሲወጣ በጆን ባከስ የሚመራው ቡድን ትልቁ ፈተና ሰውን ማሳመን ነበር፤ ማሽን የሚጽፈው ኮድ ባለሙያ በእጁ ከሚጽፈው ጋር ይስተካከላል ብሎ የሚያምን አልነበረም። በዚያው ዓመት ፍራንሲስ አለን የምትባል ሴት የትምህርት ዕዳዋን ለመክፈል አይቢኤም ተቀጠረች፣ ሐሳቧ ዕዳውን ከፍላ ወደ መምህርነቷ መመለስ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዋ ለአይቢኤም ሳይንቲስቶች ያንኑ ፎርትራን ማስተማር ሆነ። አልተመለሰችም፤ እስከ 2002 እዚያው ቆየች። ዛሬ ኦ2 የምንለው ነገር ውስጥ ከሚሠሩት ዘዴዎች ብዙዎቹ የእሷ አሻራ ያለባቸው ናቸው፤ በ2006 የኮምፒዩተር ሳይንስ ታላቅ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጓደኛሽ «ይፈጥናል» ያለችሽ ወሬ እንዳልሆነ ይህ ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የዝናብ መረጃ እሠራለሁ። የ18 ጣቢያዎች የ30 ዓመት የየቀኑ ዝናብ አለኝ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ወር አማካይ የሚያወጣ የሲ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። መረጃ ያልተመዘገበበት ቀን «ናን» (ቁጥር ያልሆነ ማለት ነው) ተብሎ ይገባል፣ እኔም ሳልደምረው እዘለዋለሁ። ፕሮግራሙ ቀስ ስለሚል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኦፋስት የሚባለውን አስገባልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወራት ላይ አማካዩ ራሱ «ናን» ሆኖ ይወጣል። ኮዱን አልነካሁትም፤ ምን ሆነ?

መልስ፦ ኮዱን እርስዎ አልነኩትም፣ ኮምፓይለሩ ግን ነክቶታል፤ ፈቃዱን ደግሞ ባልደረባዎ ሰጥተውታል።

ኦፋስት ማለት ኦ3 ሲደመር ፋስት ማዝ የሚባል ጥቅል ነው። በጥቅሉ ውስጥ ካሉት አንዱ «በቁጥሮቼ መካከል ናን ወይም ወሰን የለሽ የሚባል ነገር ፈጽሞ አይኖርም» የሚል ቃል ነው። ኮምፓይለሩ የሰጡትን ቃል ይዞ ወደ ኮድዎ ይመጣና «ይህ ናን ነው ወይ?» የሚል መስመር ያገኛል። ናን የለም ተብሏል፤ እንግዲህ መልሱ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው። ጥያቄውን ይሰርዘዋል። ያልተመዘገበው ቀን ሳይዘለል ድምሩ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ናን የገባበት ድምር ደግሞ ሁሉም ናን ነው። እኔ እንደውም ዕድለኛ ነዎት እላለሁ፤ በግልጽ ባይበላሽ ኖሮ የተሳሳተውን አማካይ ሪፖርት ላይ አትመውት ነበር።

ጥቅሉ ሌላም ቃል አለው፦ «ድምሩን በፈለግኸው ቅደም ተከተል ደምር»። ለእኛ ለሰዎች ቅደም ተከተል ለውጥ የለውም። ለማሽን ግን አለው። በተለመደው ባለ 8 ባይት የነጥብ ቁጥር 10,000,000,000,000,000 ላይ 1 ይጨምሩ፤ ያው ይሆናል፣ ምክንያቱም እዚያ ከፍታ ላይ ቁጥሮቹ ሁለት ሁለት እየዘለሉ ነው የሚሄዱት። እንደገና 1 ይጨምሩ፣ አሁንም ያው። ሁለቱን አንዶች መጀመሪያ ደምረው 2 አድርገው ቢጨምሯቸው ግን ይገባሉ። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ኮምፓይለሩ ቅደም ተከተሉን አይነካም። ለዝናብ ሚሊሜትር ይህ ልዩነት የመጨረሻዎቹ አሃዞች ላይ ብቻ ነው፣ አያሳስብዎት። ናኑ ነው የጎዳዎት።

ኦፋስትን ያውጡት፤ ኦ2 ያድርጉ። ከጥቅሉ ውስጥ ያለ ስጋት የሚወሰድ ቢኖር ኖ ማዝ ኤርኖ የሚባለው ነው፤ እሱ «የካሬ ሥር ስሕተት ሲያጋጥም ምልክት አታስቀምጥ» ይላል፣ ያን ምልክት ደግሞ እርስዎ አያነቡትም።

ግን ይህም ቢሆን አያፈጥንልዎትም፣ ልንገርዎት። 30 ዓመት ማለት አሥራ አንድ ሺህ ገደማ ቀን ነው፤ ለ18ቱም ጣቢያ ሁለት መቶ ሺህ አይሞላም። ይህን መደመር ለዛሬ ፕሮሰሰር ዐይን የመጨፈን ያህል አይደለም። ጊዜው የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። ኮድዎ ለእያንዳንዱ ወር ፋይሉን ከፍቶ ከመጀመሪያው መስመር ያነባል፤ 360 ወር ነው፣ ለ18 ጣቢያ 6,480 ጊዜ። የሚያነበው ፋንክሽን ደግሞ ከሲ ላይብረሪ ውስጥ የሚመጣ፣ ድሮ ተሠርቶ ያለቀ ኮድ ነው፤ እርስዎ የሚጽፉት ፍላግ እሱን አይደርሰውም። አንድ ጊዜ አንብበው አሬይ (ሜሞሪ ውስጥ ያለ የቁጥሮች ድርድር) ውስጥ ያስቀምጡ። እኔ ጋ ኦ0 ላይ ሆኖ እንኳ ትእዛዙን ከመታሁበት ጣቴን ሳላነሣ ጨረሰ።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነው። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው። ሲሜክ በሚባለው የግንባታ መሣሪያ የሚሠራ ትልቅ ፕሮጀክት አውርጄ ስሠራው ማሽኑ ይደርቃል፤ ማውሱ እንኳ አይንቀሳቀስም። ተሠርቶ ሲያልቅ ደግሞ ፕሮግራሙ ይንቀረፈፋል።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። የሚደርቀው ሜክ የሚለው ትእዛዝ ላይ ጄ ብለህ፣ ከጄው በኋላ ግን ቁጥር ሳትሰጠው ቀርተህ ይመስለኛል፤ ያለ ቁጥር ጄ ማለት «የቻልከውን ያህል በአንድ ጊዜ» ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ኮምፓይለር ደግሞ ራም ይበላል። ጄ2 በለው። የሚንቀረፈፈው ሲሜክን የቢልድ ዓይነት ሳትነግረው ስለቀረህ ይመስለኛል፤ ፕሮጀክቱ ራሱ ካልወሰነ በቀር ሳትነግረው ኦ0 ነው። ሪሊዝ በለው፣ ከዚያ ኦ3 ይሆናል። ሲካሽ የሚባለውንም ጫን፤ ያልተለወጠውን ፋይል ሁለተኛ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ፓይተን ብቻ ነው የምጽፈው። ይህ ሁሉ ምን ያገባኛል?

መልስ፦ ፓይተኑ ራሱ በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ነው፤ የሆነ ሰው በሆነ ፍላግ ኮምፓይል አድርጎልሃል። ከምንጩ ራስህ የምትሠራው ከሆነ «ኢኔብል ኦፕቲማይዜሽንስ» የሚለውን ምርጫ አትርሳ። እሱ ፒጂኦ የሚባለውን ያበራል፦ ፓይተንን አንዴ ይሠራዋል፣ የራሱን መፈተኛዎች ያስኬድበታል፣ የትኛው መንገድ እንደሚበዛበት ይመዘግባል፣ ከዚያ መዝገቡን ይዞ እንደገና ይሠራዋል። ሰዓት ይፈጃል፤ ቡና አስፈላ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ ጋሼ፣ ጂሲሲ ውስጥ ስሕተት ያገኘሁ ይመስለኛል። የተማሪዎችን ውጤት የሚደምር ፕሮግራሜ ያለ ምንም ፍላግ ልክ ይሠራል። ኦ2 ስጨምር የማይረባ ቁጥር ያወጣል። ለማን ነው የሚነገረው?

መልስ፦ ለመስታወት።

አትቀየመኝ፤ እኔም በወጣትነቴ ሁለት ጊዜ «ኮምፓይለሩ ተበላሽቷል» ብዬ ምዬ ሁለቱንም ጊዜ አፍሬያለሁ። ኮድህ ላይ «ድምር» የሚለውን ቫሪያብል ፈጥረህ ዜሮ ሳታደርገው መደመር ጀምረሃል። ኦ0 ላይ ያ የሜሞሪ ቦታ ባጋጣሚ ዜሮ ነበር፤ ሠራልህ። ኦ2 ላይ ድምሩ ሜሞሪ ውስጥ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች መያዣ ላይ ተቀመጠ፣ እዚያ ደግሞ ካለፈው ሥራ የተረፈ ቁጥር ነበር። ኮድህ መጀመሪያውኑ የተሳሳተ ነበር፤ ኦ2 አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ሁለተኛም አለ። 10 ተማሪ ላለው አሬይ ሉፕህ «እስከ 10 እኩል ይሁን» ይላል። ከዜሮ ስለሚጀምር አሥራ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ አሥራ አንደኛው ተማሪ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ይህን በዐይን መፈለግ አያስፈልግህም። ዎል የሚባለውን ማስጠንቀቂያ ከኦ2 ጋር አብራ፣ ያልተሞላውን ቫሪያብል ያን ጊዜ በደንብ ያየዋል። ከዚያ ሳኒታይዝ የሚለውን ፍላግ ከአድረስ እና ከአንዲፋይንድ ጋር ጨምረህ አስኪደው፤ ከአሬዩ ስትወጣ የመስመሩን ቁጥር ጠርቶ ያስቆምሃል። ይህ ፕሮግራሙን ያዘገየዋል፣ ለመፈተኛ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ኦ2 ላይ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ያን ጊዜ ና፣ አብረን እናያለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለአንድ የቡና መጋዘን የሚዛን ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ክብደቱን ይቀበላል፣ ደረሰኝ ያወጣል፣ ማታ ላይ የቀኑን ይደምራል። በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ማርች ኔቲቭ ቢጨመርበት በጣም ይፈጥናል ብለውኛል። ላስገባው?

መልስ፦ አታስገባው። ለምን እንደሆነ የማውቀው በገዛ ሥጋዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንዳንተው ለአንድ መጋዘን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ላፕቶፔ አዲስ ነበረች፣ ኩራት ነበረኝ፤ ማርች ኔቲቭ አስገብቼ ሠራሁትና በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። የመጋዘኑ ማሽን አቧራ የጠጣ አሮጌ ኮር ቱ ዱዎ ነው። ጫንኩት፣ ሞከርኩት፤ አንድ ጆንያ መዘንን፣ ደረሰኝ ወጣ፣ ሁሉ ሰላም። ተጨባብጠን ተለያየን።

ወሩ ኅዳር ነው፣ ጀንፈል የሚገባበት። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለልኝ። «ኮምፒዩተርህ አኩርፏል፣ ቶሎ ና» አለኝ መጋዘን ጠባቂው። በባጃጅ ደረስኩ። በሩ ላይ ሁለት አይሱዙ ቆሟል፣ ገበሬዎቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙ የቀኑን ደምር ሲሉት «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይሞታል፣ ሲያስነሡት ይነሣል፣ ደምር ሲሉት እንደገና ይሞታል።

ማርች ኔቲቭ የሚለው «ይህ ፕሮግራም የሚኖረው እዚሁ፣ አሁን በምሠራበት ፕሮሰሰር ላይ ብቻ ነው» ነው። ኮምፓይለሩ የኔን ላፕቶፕ አየ፣ ኤቪኤክስ2 የሚባለውን አገኘ፤ ይህ በኢንቴል በኩል በ2013 ሃስዌል ከሚባሉት ፕሮሰሰሮች ጋር የመጣ የትእዛዞች ስብስብ ነው። የቀኑን ድምር የሚሠራውን ሉፕ በእሱ ጻፈው። አሮጌው ኮር ቱ ዱዎ ያንን ቋንቋ አልተማረም። ለምን ቀን ሙሉ ሠራ ታዲያ? ፕሮሰሰሩ የማያውቀውን ትእዛዝ የሚቃወመው እሱ ላይ ሲደርስ ብቻ ነውና። መዝኖ ደረሰኝ ማውጣት ውስጥ ያ ትእዛዝ አልነበረም፤ ድምሩ ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ ጠዋት ስፈትነው ድምሩን አልነካሁትም።

ጠባቂው ከሚዛኑ ሥር አሮጌ ደብተርና ካርቦን አወጣ። እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት እሱ ይጠራል፣ እኔ በስልኬ ካልኩሌተር እደምራለሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ትከሻዬን መታ አድርገው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ጠባቂው እየሳቀ ሲተረጉምልኝ «ቀድሞም ደብተር ነበረን፣ ለምን ደከምክ?» ነው።

ያንተ ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ሚዛኑን ነው፣ ሚዛኑ ደግሞ ጆንያ የሚያወጣውን ሰው ይጠብቃል። በኦ2 ላይ ምንም አትጨምርበት። ማርች ሳትለው ጂሲሲ ለማንኛውም ባለ 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽን የሚሆነውን ይሠራል። አዲሱን ፕሮሰሰር አስብልኝ፣ አሮጌውንም አትርሳብኝ ለማለት ማርችን ትተህ ምቲዩን የሚለውን ብቻ ተጠቀም፤ እሱ የትእዛዞቹን አሰላለፍ ያስተካክላል እንጂ አዲስ ትእዛዝ አያስገባም። አንድ ቀን ከባድ ስሌት ያለበት ነገር ስትሠራ ደግሞ ከጂሲሲ 11 ጀምሮ ደረጃዎች አሉ፤ ኤክስ86-64-ቪ2፣ ቪ3 እየተባሉ። ቪ3 ኤቪኤክስ2ን ይጠይቃል፣ ቪ2 ኤቪኤክስን ጨርሶ አይጠይቅም። የዚያን ዕለቱ ኮር ቱ ዱዎ ቪ2ንም አያሟላም ነበር።

ኮምፓይል ከማድረግህ በፊት ወደ መጋዘኑ ሂድ። ማሽኑ ሊኑክስ ከሆነ ተርሚናሉ ላይ ኤልኤስሲፒዩ ጻፍና «ፍላግስ» የሚለውን ረጅም መስመር (ፕሮሰሰሩ የሚያውቃቸው ነገሮች ዝርዝር ነው) በስልክህ ፎቶ አንሣ። ስትጭነው ደግሞ ጠዋት መዝነህ እንዳትሄድ፤ የውሸት አምስት ጆንያ አስገብተህ የቀኑን ደምር በለው፣ ወረቀቱ እስኪወጣ እዚያው ቁም።